ከሦስት ወር የማታልፍ ታንኳ፦ ከኮምቦልቻ እስከ አርዲቦ የስድስት ቀን ማስታወሻ

ጥር 15 ቀን 2015፣ ሰኞ። ኮምቦልቻ

የጉዞው ምክንያት ሐይቅ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ያለች ክፍል ናት፤ ርዝመቷ ስድስት፣ ወርዷ አራት ሜትር። ታንኳ፣ መቅዘፊያ፣ መረብ፣ የቀድሞ የባሕር ኃይል ልብስና የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ዕቃ ተሰብስቦባታል። የውኃና የመርከብ ሙዚየም የሚለው ስም ትንሽ ይሰፋባታል፤ ሥራው ግን ያው ነው። በለጋሾች ገንዘብ ከተከፈተች ለጥምቀት ዓመት ሞላት። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ፣ ምን እንደተሠራና ምን እንደተበላሸ በዓይን መታየት ስለነበረበት ሦስት ሰው ተላከ።

የመጀመሪያው ሥራ ኮምቦልቻ ላይ ሣጥን መረከብ ነበር። ባሕር የሌለው ወሎ ከመርከብ ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው ኮምቦልቻ መገንጠያው ላይ ይቁም። ከአዲስ አበባ ሲመጡ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው አስፋልት ባቲንና ሚሌን አልፎ፣ በቡሬ በኩል አሰብ ይገባ ነበር፤ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ያወጣው መንገድ ነው። 1990 ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር የተነሣው ጦርነት እስኪዘጋው ድረስ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ከነተሳቢው በዚህ ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል፤ የኮምቦልቻ ጋራዥና የባቲ ምግብ ቤት ብዙው እንጀራውን ያገኘው ከወደቡ ነው።

ሣጥኑ የአንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነው፤ የሰጡት ልጆቹ ናቸው። ቆርቆሮ ሣጥን ነው፣ ክዳኑ ዝጓል። እንዲህ ያለ ሣጥን ቤት ውስጥ አይከፈትም፤ ብል ካለበት ወደ ሌላው ልብስ ይዛመታል። ፀሐይም ላይ አይከፈትም። በረንዳ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ነጭ አቡጀዲ ተነጥፎ ነው፤ የሚረግፈው ነገር ነጩ ላይ ይታያል። ክዳኑ ሲነሣ የናፍታሊን ሽታ አፍንጫ ሰነፈጠ። ብል አልነበረም። ክኒኖቹ ግን ኪስ ውስጥ ነበሩና አጠገባቸው ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ቁልፎች አለስልሰው ከጨርቁ ጋር አጣብቀዋቸዋል። ናፍታሊን በትንሽ ከረጢት ታስሮ ሣጥን ጥግ ይቀመጣል እንጂ ልብስ ውስጥ አይጨመርም።

መልሕቅ የተቀረጸባቸው የነሐስ ቁልፎች ደግሞ ሌላ አደጋ ላይ ነበሩ። የቤቱ እመቤት ሎሚ ቆርጠው አመድ አቅርበው ጠበቁን፤ «አሳምሬ ካልሰጠኋችሁማ ያሳፍረኛል» ይላሉ። እትዬ፣ እባክዎ ይቅር ተባሉ። ሎሚው የነሐሱን ፊት ይበላል፣ አመዱ ይፍቃል፣ መልሕቁ በየጊዜው እየደበዘዘ ይሄዳል። ስፌቱ ሥር የቀረው ጭማቂ ደግሞ ወር ሳይሞላ አረንጓዴ አውጥቶ ጨርቁን ያበላሻል። ደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ሎሚው ለሻይ ሆነ።

ከፎቶግራፎቹ አንዱ ላይ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ትታያለች። ቀድሞ ኦርካ የምትባል፣ ውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ድጋፍ የምትሰጥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች፤ ለኢትዮጵያ የተላለፈችው በ1954 ጥር ነው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሄደች፤ በመጨረሻም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ፎቶው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ቀን ቀለሙ ዘልቆ ከፊት ለፊት ሰማዩ ላይ ወጥቷል። ፎቶ ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ እሱንም ጠርዙ ላይ፣ እጅን ሳይጫኑ ነው የሚጻፈው።

ከዕቃው ይልቅ ጊዜ የወሰደው ወረቀቱ ነው። ታላቅዬው «ሰጥተናል» ይላል፤ ታናሽዬው «አደራ ነው፣ ልጄ ሲያድግ ይወስደዋል» ይላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስጦታ የክፍሏ ንብረት ይሆናል። አደራ ግን የመመለሻ ቀን፣ በመሐል ቢጎዳ ኃላፊው ማን እንደሆነና የባለቤቱ ወራሽ ማን እንደሆነ ይጻፍለታል። ባለፈው ዓመት በቃል «አደራ» የተባለ አንድ የሾፌር ፋኖስ ባለቤቱ ሲመጣ ወረቀት ስላልነበረው ክርክር ሆኖ፣ ፋኖሱም ሄደ፣ ወዳጅነቱም ሄደ። ስለዚህ በረንዳው ላይ ሁለት ቅጽ ተሞላ፤ ልብሱና ቁልፎቹ ስጦታ፣ ፎቶዎቹ አደራ ለአምስት ዓመት። ወንድማማቾቹ ሁለቱም ፈረሙ።

ወደ ደሴ ሚኒባሱ በሰው 40 ብር ነበር። ረዳቱ ሣጥኑን ጣራ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ሊያስር ነበርና አንድ ወንበር ተጨምሮ ተከፈለለት፤ ሣጥኑ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጦ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጣ። 

ጥር 16፣ ማክሰኞ። ደሴ

ጦሳ ተራራ ሥር ጠዋቱ ይቆረጥማል፤ ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ጃኬቱን ከቦርሳው ያወጣል። አልጋ 450 ብር፣ ሙቅ ውኃ «አለ» ተብሎ የለም። ፒያሳ አካባቢ ፍርፍርና ሻይ 90 ብር።

የደሴ ሙዚየም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ነው ያለው። በ2014 መጀመሪያ ወራት ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ሳለች ተዘርፏል። ከዚያ በኋላ በወሎ ስለ ዕቃ ጥበቃ የሚነጋገር ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስለ ዘረፋ ሲወራ መስኮትና ቁልፍ ይነሣል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን የሚጠይቀው መዝገቡ የት እንደነበር ነው። የተዘረፈ ዕቃ ገበያ ላይ ሲታይ የእኛ ነው ለማለት ቁጥሩ፣ ልኩ፣ ጭረቱና ፎቶው መኖር አለበት፤ መዝገቡ ከዕቃው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ከነበረ ደግሞ አብሮ ይሄዳል።

ወሎ ይህን ቀድሞም አይቷል። መቅደላ በ1860 ሚያዝያ ስትወድቅ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ደላንታ ሜዳ ወርዶ ሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ዝሆኖቹ ራሳቸው ከቦምቤይ በመርከብ ተጭነው የመጡ ነበሩ፤ ንብረቱም በመርከብ ሄደ። የብሪታንያ ሙዚየም የላከው ሰው ከጦሩ ጋር አብሮ ነበር፤ ወደ 350 የሚጠጋ ብራናም ገዝቷል። ከየት ተወሰደ ለሚለው ዛሬ የምንጠቅሰው ብዙው ማስረጃ የወሳጁ ጽሑፍ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያናድዳል።

የሐይቋ ክፍል መዝገብ አሁን በሁለት ቅጂ ነው። አንዱ ክፍሏ ውስጥ፣ አንዱ ደሴ ሌላ ሰው ቤት። በየሦስት ወሩ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነበባሉ። በማክሰኞው ንባብ አራት ቁጥር አልተገጣጠመም፤ ሦስቱ የአጻጻፍ ስሕተት፣ አንዱ በእርግጥ የጠፋ መንጠቆ።

ከሰዓት በኋላ ግዢ። አቡጀዲ 12 ሜትር፣ ሜትሩ 85 ብር። ታጥቦ ይመጣል፤ አዲስ አቡጀዲ ስታርች አለበት፣ ስታርች ደግሞ ነፍሳት ይጠራል። ለታንኳዋ ማረፊያ ደረቅ እንጨት ፍለጋ ሦስት ግምጃ ቤት ተዞረ። ርካሹ ባሕር ዛፍ እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ታንኳዋም አብራው ትጣመማለች። ቺፑድ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ሽታው ራሱ ጠላት ነው፤ ከሙጫው የሚወጣው ትነት በተዘጋ ቦታ ነሐስን ያጠቁራል። በመጨረሻ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ የጽድ ማገር ተገኘ፤ አራት ሜትሩ 700 ብር፣ ከነምስማሩ። ምስማሩን የማውጣት ሥራ የገዢው ነው።

ጥር 17፣ ረቡዕ። ሐይቅ ከተማ

ከደሴ በጢጣ በኩል ሐይቅ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተከፈለው 50 ብር ነበር። ወርዶ ሲደርሱ ጃኬቱ ተመልሶ ቦርሳ ይገባል። ረቡዕ ስለሆነ ምሳው ሽሮ፤ የማሽላና የጤፍ ድብልቅ እንጀራ ላይ፣ 70 ብር። ደሴ ከበላነው ይሻላል።

ክፍሏ በዓመት ውስጥ ምን ሆነች? ከላይ እንጀምር። ጣራው በለጋሽ ገንዘብ ተቀይሯል፤ 14 ቆርቆሮ። ሥራው ጥሩ ነው፣ አንድ ነገር ሲቀር፦ ጫፉ ላይ የተመቱት ምስማሮች ጎማቸው ተረስቷል። ክረምቱን ሙሉ በዚያች የምስማር ቀዳዳ ጠብ ጠብ ሲል የከረመው ውኃ ከመረቡ መደርደሪያ ጀርባ ግድግዳውን አርጥቦ ሻጋታ አበቀለ። 60 ብር የማይሞላ ጎማ ነበር የጎደለው። አሸንዳም አልተሠራም፤ ከጣራ የሚወርደው ውኃ መሬት ላይ እየተረጨ የግድግዳውን ግርጌ ሁለት ስንዝር አርጥቦታል። አሸንዳ እስኪገጠም ድረስ ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ቦይ ተቆፍሮ ጠጠር ተሞላበት።

ምስጥም መጥቶ ነበር። ምስጥ ብርሃን ስለማይወድ ግድግዳ ላይ የአፈር ቧንቧ እየሠራ ነው የሚወጣው፤ መደርደሪያው ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ቧንቧው ለሁለት ወር አልታየም። አሁን መደርደሪያው ሁሉ ከግድግዳ አንድ ክንድ ወጥቶ፣ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል፤ በባትሪ እያበሩ ጀርባውን ማየት ይቻላል። አንድ ጎረቤት በቅንነት የመደርደሪያውን እግር በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነክሮላቸው ነበር። ለቆጥ ይሠራል። እዚህ ግን ዘይቱ ወደ ላይ እየተሳበ የታችኛውን ጣውላ አጥቁሮ መረብ ላይ ደርሷል።

ለጋሾች ከሰጡት ብዙው የገባው የመስታወት ሣጥን ላይ ነው፤ ሁለት ነው። ክፍሉ ሲከፈት ፎቶ የሚነሣው እሱ ነውና አይፈረድም። የመጀመሪያው የተሠራው ለታንኳዋ ነበር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ20። ታንኳዋ 3 ሜትር ከ60 ናት። ሣጥኑ የታዘዘው ታንኳዋ ሳትለካ ነው። አፍንጫዋ በአንድ ወገን፣ ጅራቷ በሌላ ወገን ወጥታ ለአንድ ወር ቆየች፤ የመጣ ተማሪ ሁሉ ይስቅ ነበር። ከዚያ ወጥታ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አግዳሚውም በሁለት ጫፍ ብቻ ስለያዛት ወገቧ ጎበጠ። ታንኳ ውኃ ላይ ስትሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደግፋት ውኃው ነው፤ ቤት ውስጥም ቢያንስ አራት ቦታ ላይ፣ የሆዷን ቅርጽ ይዞ የተጠረበና አቡጀዲ የተጠቀለለበት ድጋፍ ይፈልጋል። የጽዱ ማገር ለዚህ ነው የተገዛው።

ሁለተኛው ሣጥን መስኮት ፊት ነበር። ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ መስታወቱ ላብ ያወጣል። የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ አንድ ለጋሽ ልከው ነበር። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ደብተሩም አለ፣ ንባቡ እስከ አራተኛው ወር ድረስ በጥሩ እጅ ተጽፏል። ከዚያ ባዶ። ምነው? ባትሪው አለቀ። ለመስታወት በጀት አለ፤ ለባትሪ 40 ብር የሚወጣበት አርእስት የለም። ባትሪው እዚያው ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ተገዝቶ ገባ።

ጥግ ላይ አራት ሊትር ቫርኒሽ ከእነ እሽጉ ተቀምጧል፤ «ታንኳዋን እንድታብረቀርቁበት» ተብሎ ከነሰላምታው የመጣ። እሽጉ አለመፈታቱ እግዜር ይስጠው ያሰኛል። ደንገልና ፊላ ውስጣቸው እንደ ስፖንጅ ነው፤ ከላይ ቫርኒሽ ሲሸፍናቸው ውስጥ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣና ሳይታይ ይበሰብሳል። ቫርኒሹም ከዓመት በኋላ ይቢጫል፣ ይሰነጠቃል፣ ልጣጩን ይዞ ይነሣል። አንድ መቅዘፊያ ግን ቀድሞ ተቀብቶ ነበር። እጅ ለዓመታት ይዞት የከሰመው ቦታ ከቅቡ ሥር ጠፍቷል። እሱን መመለስ አይቻልም፤ መዝገቡ ላይ «በ2014 የተቀባ» ተብሎ ተጻፈ፣ አበቃ።

የዕቃ ቁጥር በፕላስተር ተለጥፎ የነበረውም ተነሣ። ሙጫው እንጨት ውስጥ ገብቶ አራት ማዕዘን ጥቁር ይተዋል። ቁጥሩ አሁን በእርሳስ ጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ በልል ቋጠሮ ይታሰራል፤ መጀመሪያ ዓመቱ፣ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ ተራው። የኮምቦልቻው ልብስ 2015.7 ሆነ።

ጥር 18፣ ሐሙስ። እስጢፋኖስ

ከሐይቅ ከተማ ባጃጅ ኮንትራት 120 ብር። ገዳሙ ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፤ ውኃው ሲሸሽ ከየብስ ተያይዞ ምላስ መሰለ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሴት አይገባም፤ ከቡድኑ አንዷ ሐይቁ ዳር ቀርታ ነፋሱ የሚነሣበትን ሰዓት መዘገበች። ጠዋት ውኃው መስታወት ነበር፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሞገድ ጀመረ። ታንኳ ቀዛፊዎች ለምን በሌሊት እንደሚወጡ ለማስረዳት ክፍሏ ውስጥ ከሚሰቀል ጽሑፍ ሁሉ ይህ ሰንጠረዥ ይበልጣል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ገብተው ገዳሙን የትምህርት ቤት አደረጉት፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። በስማቸው የሚጠራው ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ነው። ለእኛ ሥራ የሚገርመው ሥዕሉ ብቻ አይደለም። ባዶ በነበሩት ገጾች ላይ የገዳሙ ርስትና ንብረት፣ የመጻሕፍቱም ዝርዝር ተጽፎበታል። በአገራችን ልማድ እንዲህ ያለው የስጦታ ጽሑፍ ማን እንደሰጠ፣ ምን እንደሰጠ፣ በማን ፊት እንደሆነ ይዘረዝርና የሚወስደውን በግዝት ያሥራል። ሰኞ በረንዳ ላይ የተሞላው ቅጽ ግዝቱ ብቻ ነው የቀረው። ቀሪው ያው ነው።

ሲወጣ ምሳ የዓሣ ጉላሽ፣ 180 ብር፣ ከዳጣ ጋር። ይህ ዓሣ ቆሮሶ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የክፍሏ ጽሑፍ «ከጥንት ጀምሮ በቆሮሶ የታወቀው ሐይቃችን» ይላል። ጽሑፉ ይታረማል።

ጥር 19፣ ዓርብ። ሐይቅ ዳር

የጉዞው ዋና ቀን። አዲስ ታንኳ ይታሰራል።

ሠሪው ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው፤ ሁሉም «ሼህ» ይላቸዋል። ደንገሉና ፊላው እሑድ ተቆርጦ አምስት ቀን በስሱ ተሰጥቷል፣ ጠዋትና ማታ እየተገላበጠ። ከዚህ ካነሰ እርጥቡ ከብዶ ታንኳዋ ግማሽ ሆዷ ውኃ ውስጥ ትውላለች፤ ከበዛ ደግሞ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሼሁ የሚፈትኑት አንዱን ዘንግ ጣታቸው ላይ ጠምጥመው ነው። ከሰነጠቀ አልፏል፤ ውኃ ካወጣ አልደረሰም። 14 ሸክም ነው የመጣው። ሦስት ሸክም ያህሉ ተለቅሞ ወጣ፤ አበባ የያዘ፣ ትል የበሳው፣ ወገቡ የተሰበረ። የተሰበረ ዘንግ አንድ ቢገባ ውኃ የሚጠጣው በእሱ ነው።

ከዚያ ነዶ። አምስት ነዶ ይታሰራል፤ ሁለቱ ሆድ፣ ሁለቱ ጎን፣ አንዱ መቀመጫ። እያንዳንዱ ነዶ ውስጥ ዘንጎቹ ግርጌና ራስ እየተማቱ ይገባሉ፤ ሁሉም ግርጌ በአንድ ወገን ከሆነ ታንኳዋ በአንድ ጫፍ ትወፍርና ትዞራለች እንጂ አትሄድም። ማሠሪያው የዛፍ ልጥ ነው፣ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ። እርጥብ ሆኖ ታስሮ ሲደርቅ ራሱን ያጠብቃል። ናይለን ገመድ የተሻለ ይመስላል፣ ርካሽም ነው፤ ግን አይኮማተርም፣ ደንገሉ ሲከሳ ይላላል፣ ቀጭን ስለሆነም ዘንጉን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። በየስንዝሩ አንድ ዙር ይጠፈነጋል። ሼሁ ነዶውን በጉልበታቸው ይጫኑታል፣ ልጃቸው ከወዲያ ይስባል። «ብቻዬን ያሰርኩት ቋጠሮ አይደለም፣ ጌጥ ነው» ይላሉ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የአፍንጫው ተራ ደረሰ። የሆዱና የጎኑ ነዶ ጫፎች ተሰብስበው፣ ውኃ ተረጭቶባቸው፣ ቀስ እየተባለ ወደ ላይ ይታጠፋሉ፤ ከጫፉ እስከ ወገቡ በተወጠረ ገመድ ይያዛሉ። ይህ ሥራ መሐል ላይ አይቆምም። ግን ዓርብ ነው፣ ጁምዓ ደርሷል። ገመዱ በችኮላ ካስማ ላይ ታስሮ ሼሁ ወደ መስጊድ ሄዱ። ከሰላት ሲመለሱ ካስማው ከእርጥቡ አፈር ተነቅሎ አፍንጫው ሁለት ስንዝር ወርዷል፤ በፀሐይ ደርቆ እዚያው ሊቀር ምንም አልቀረውም። ልጁ ደነገጠ። «አብሽር» አሉት፤ አዲስ ውኃ ተረጨ፣ እርጥብ ጆንያ ተጠቀለለበት፣ ግማሽ ሰዓት ተጠበቀ፣ ዳግም ተወጠረ። አሁን ገመዱ ካስማ ላይ ሳይሆን የታንኳዋ ወገብ ላይ ታሰረ። እንዲህ ውጥር ብላ ታድራለች።

ስታልቅ 3 ሜትር ከ55፣ ወርዷ 74 ሴንቲ ሜትር። ደንገሉና ልጡ 700፣ የሁለት ሰው የቀን ሥራ 1,500 ብር። ከሁለቱ የመስታወት ሣጥኖች የአንዱ በር ማጠፊያ ብቻ ከዚህ አይርቅም።

ውኃ ላይ የምትውል ታንኳ ሁለት ወር፣ ማታ ማታ ወጥታ ከደረቀች ሦስት ወር ትሠራለች። ዘንጉ ውስጥ ያለው አየር እየወጣ ውኃ ይተካበታል፤ ትከብዳለች፣ ትበሰብሳለች፣ ዳር ላይ ትጣላለች፤ ሌላ ይታሰራል። ቤት ውስጥ ያለችው ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማታል፦ ትደርቃለች፣ ትሰባበራለች፣ አቧራ ትጠጣለች፣ አይጥ ይጎትታታል። በጥንቃቄ ከተያዘች ዓመታት ትቆያለች፤ ከዚያ በኋላ የቀረችው ግን ቅርጿ ነው። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ቁጭ ተብሎ የተወሰነው ይህ ነው፦ ለሦስተኛ መስታወት ሣጥን ቃል የተገባው ገንዘብ ለጋሹ ከፈቀዱ በየዓመቱ ጥር ላይ አንድ ታንኳ ለማሳሰር ይዋል፤ ተማሪዎች ባሉበት፣ ከመጀመሪያው ዘንግ እስከ አፍንጫው እየተቀረጸ። ያምናዋ ጎባጣ ደግሞ አትጣልም። ቋጠሮዋ አንድ በአንድ ይፈታል፣ ነዶዋ ይቆጠራል፣ ልጧ ይለካል፣ ሁሉም ይጻፋል፤ ሼሁ እየፈቱ ልጃቸው እያሰረ። ለጋሹ ስልክ ላይ መጀመሪያ ያሉት «ታዲያ ስሜ የት ይጻፋል?» ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሰጪው ስም በየዓመቱ በምትታሰረው ታንኳ መዝገብና ማረፊያዋ እንጨት ላይ ይሆናል ተባለ። እሺ አሉ።

ጥር 20፣ ቅዳሜ። አርዲቦ

አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ያለ ሐይቅ ነው፤ የሚፈሰው የአንካርካ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፣ ከሐይቅ ግን የሚወጣ የለም። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ባጃጁ ሁለት ቦታ ላይ ተሳፋሪውን አውርዶ ባዶውን ወጣ። ኮንትራቱ 600 ብር ነበር፣ ሲመለስ 650 ሆነ፤ ሃምሳው የጎማ ነው ተባለ፣ ጎማው ግን አልተነፈሰም።

የተመጣው ለአንድ መቅዘፊያ ነው። ሁለት ጫፉ የተጠረበ፣ መሐሉ እጅ የበላው፣ 2 ሜትር ከ40። ባለቤቱ ቡና አፍልተው፣ እስከ በረካ አስጠጥተው፣ ዋጋ አልጠየቁም። ስጦታ ወይስ አደራ ሲባሉ ብዙ አሰቡ። «እኔ እስካለሁ አደራ፣ ከእኔ በኋላ ስጦታ» አሉ። ቅጹ ለዚህ ቦታ አልነበረውም፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ ተጽፎ፣ ሁለት ጎረቤት ምስክር ፈረሙበት።

ሐይቅ መናኸሪያ ላይ መቅዘፊያው ሚኒባስ ውስጥ አልገባም። መስኮት ለመስኮት ይለፍ ቢባል ሾፌሩ ትራፊክ ይቀጣኛል አለ። ጣራ ላይ ብቻውን፣ በቀረው አቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ በሦስት ቦታ ታሰረ፤ የጭነት 30 ብር። ቁጥሩ 2015.9 ነው። 2015.8 ሐይቅ ዳር አፍንጫዋ ተወጥሮ እየደረቀች ነው።